የቀይዋ ሸቭሮሌ አረንጓዴ ጀርባ

የቃሊቲ ሰው ሁሉ ይወቀው፤ ማክሰኞ ጠዋት ውኃ መጣ።

ባትላሜራው ኑሪም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ በርሜል ሊሞላ ከጋራዡ ወጣ። ሲመለስ አቶ ፀሐዩን ከአሮጌዋ ቀይ ሸቭሮሌ ሥር ሞተው አገኛቸው። የመኪናዋ ቀለም ከፋብሪካ የወጣችበት መሆኑን እንዲያረጋግጡ ገዢ የላካቸው የመኪና አዋቂ ነበሩ። ሥሯን እንዲያዩ ብሎ በክሪክ ያነሳላቸው ደግሞ ኑሪ ራሱ ነው።

ኢንስፔክተር እድላዊትን አለቃዋ በስልክ «ክሪክ ተንሸራቶ ነው፤ ባትላሜራውን ይዘሽ ነይ» አላት። የኑሪ ሚስት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እድላዊት አልቸኮለችም። ክሪኩ ቦታው ላይ ነው፤ የሚያወርደው ቫልቭ ግን ተከፍቷል። የሟቹ እጅ ግራሶ አልነካውም፤ አንዱ ጥፍር ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ኑሪ፣ ይቺ መኪና አረንጓዴ ነበረች?»

«እኔ ፖሊሽ ብቻ ነው ያደረግኩላት» አለ መሬት መሬት እያየ። «ውስጧን እንዳትነካ ተብያለሁ።»

«እትዬ አሰለፈች፣ እርስዎስ?»

የመኪናዋ ባለቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀይ ነው የገዛት።»

ደላላው የሺዋስ ነጭ ሱሪውን ከግራሶ እየጠበቀ ራቅ ብሎ ቆሟል። «እኔ ገብቼባትም አላውቅ። በዚህ ልብስ?»

«ሳትገባባት ነው የምትሸጣት?»

«እህቴ፣ ደላላ የሚሸጠው በአፉ ነው።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ እድላዊት ሦስቱን መኪናዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸውና የኋላ ወንበሩን መጎተት ጀመረች።

«ቫልቭ በራሱ አይከፈትም» አለች እየጎተተች። «መኪና ሥር የገባ ሰው እጁን ግራሶ ይነካዋል፤ የሳቸው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው ያስገባቸው። አረንጓዴው ደግሞ ውጪ የለም። ቀቢ የማይደርስበት ቦታ ይኖራል፤ ወንበሩ ጀርባ። አቶ ፀሐዩ እዚያ በጥፍራቸው ፋቁ። ገዢው ቢሰማ ሽያጩ ይፈርስ ነበር። አንድ ሰው መታቸው፤ ወንበሩንም መልሶ ገጠመው።»

ወንበሩ አልነቃነቅ አለ። ኑሪ ሊያግዛት ከላይ ጎተተ፣ ከጎን ጎተተ፤ እምቢ አለ። እድላዊት እንደገና ከላይ ጀመረች። በዝግታ።

«ትቀዱታላችሁ እኮ። ዞር በይ እስቲ እህቴ» አለ የሺዋስ ትዕግሥቱ አልቆ።

የወንበሩን ጠርዝ በጉልበቱ ወደ ኋላ ገፋ፤ ቀና አደረገው። እንደ መሳቢያ ወጣ።

ከጀርባው አረንጓዴ ብረት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በቢጫ ጠመኔ የጻፈው ቁጥር፣ አጠገቡም ትኩስ የጥፍር ጭረት ታየ። ኑሪ ቀዩን የቀባበትን እጁን ኪሱ ከተተ። እትዬ አሰለፈች አረንጓዴውን አይተው የባላቸውን ስም ቀስ ብለው ጠሩ።

«ገብቼባት አላውቅም አላልክም?» አለችው እድላዊት።

የሺዋስ ወንበሩን እንደታቀፈ ቆመ፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ የጠፋው ይመስል።