ያልጠራሁት ጀልባ

ጠሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረኝ ከነሙሉ ልብሴ ሐይቁ ውስጥ ወድቄ ነው። የ1978ቱ የሜይ ዴይ በዓል ነበር። ከደሴ ለመጡት እንግዶች አበባ ላቀብል ወደ ጀልባው ስራመድ አዲሱ ጫማዬ ከዳኝ። እንግዶቹ ለአበባው ሲያዝኑ እኔ ውሃ እጠጣለሁ። አንድ ቀጭን ቀዛፊ ዘሎ ገብቶ በክንዴ ይዞ አወጣኝ።

«አሣ እንጂ ሰው አጥምጄ አላውቅም» አለኝ።

ከእፍረቴ ብዛት ሳላመሰግነው ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

ኑርሀያት እባላለሁ። ያኔ የጀልባ ክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ። በበዓል ቀን ደግሞ ድምፅ ማጉያ ይዤ ፕሮግራም የምመራው እኔ ነኝ፤ ጉሮሮዬ አያሳፍርም። ክበባችን በአዘቦት ቀን ጥቂት ጀልባና አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነው። በዓል ሲመጣ ቀይ ጨርቅ ይለብሳል፣ የኪነት ቡድኑ ይዘፍናል፣ ቆሮሶ አሣ ይጠበሳል፣ ሹማምንቱ ውሃው ላይ ይንሸራሸራሉ። የሚቀዝፉላቸው ያገሬው አሣ አጥማጆች ናቸው።

የጠሃ ጀልባ ቁጥር አራት ነበረች። ቁጥር ስድስት የአያሌው ናት። የጠሃ እናት በወሊድ ስትሞት ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች ጠሃን ከልጃቸው ከአያሌው ጋር አንድ ጡት አጥብተው አሳደጉ። አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ እንጂ ሁለቱም እምዬ የሚሉት እሳቸውን ነው።

ያን ክረምት እኔና ጠሃ ተዋደድን። አባቴ ወሬው ደርሶት «የክበቡን ዋንጫ ይዞ ይምጣና እንነጋገራለን» ብሎ ቀለደ። ጠሃ ቀልዱን የምር አድርጎ ያዘው። መስከረም ሁለት በአብዮት በዓል ውድድር አሸንፎ ሽማግሌ ሊልክ ወሰነ። እንቅልፉን ትቶ ሲቀዝፍ ከረመ።

በዓሉ ደረሰ። ቀዛፊዎቹ ከማዶ ተነሡ፤ እኔ ዋንጫውን ላመጣ ወደ ቢሮ ገባሁ። ከግርዶሹ ጀርባ የክበቡ ሊቀመንበር ከአንድ መኮንን ጋር ይነጋገራል።

«ሁሉም ጎበዞች ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ። «እግራቸው መሬት ሲነካ ያዟቸው።»

ለብሔራዊ ውትድርና ነው! የሊቀመንበሩን ወንድም ጠዋት ድንገት ሆዱን ያመመውና ከውድድሩ የቀረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ የወታደር መኪና ቆሟል።

ሮጬ ስወጣ ሰባቱ ጀልባዎች መሀሉን አልፈዋል። ጠሃ ፊት ነው። «አትምጡ» ብል እኔም አልተርፍም፣ እነሱም በጥይት ይለቀማሉ። በክበባችን ሕግ ከፊሽካው በፊት የተነሣ ተመላሽ ነው። ድምፅ ማጉያውን አነሣሁ።

«ቁጥር አራት! ከፊሽካው በፊት ተነሥተሃል። ወደመጣህበት ተመለስ!»

መቅዘፉን አቆመ። ዳር የቆመው ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም አጭበርባሪ እያለ ጮኸ። ጠሃ ከሩቅ አየኝ፣ አየኝና ጀልባውን አዞረ። በጎኑ አልፎት የመጣው አያሌው ነው።

አያሌው አንደኛ ገባ። ዋንጫውን ያስረከብኩትም እኔው ነኝ። ሳቀና መለሰልኝ።

«የጠሃ ነው፤ ያዥለት» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ወታደሩ ክንዱን ያዘው።

በሦስተኛው ቀን ጠሃ ከክበቡ ጀርባ ደንገል ውስጥ ተደብቆ አስጠራኝ። ዓይኑ አብጧል።

«መጀመሪያ ያልፈለግሽኝ መስሎኝ አለቀስኩ» አለ። «እውነቱን ስሰማ ባሰብኝ። አያሌውስ፣ ኑርሀያት? ስድስት ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ወላሂ ሌላ ጀልባ አልታየኝም... አንተን ብቻ ነው ያየሁት።»

«እምዬን በየትኛው ዓይኔ ልያት?»

ራሱን ሰጥቶ አያሌው ወዳለበት ጦር ሰፈር ሊሄድ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አልሰማኝም። በመጨረሻ እትዬ አሰገደችን እስካናግር ብቻ እንዲቆየኝ ለመንኩት።

እትዬ አሰገደች የአያሌውን መረብ ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይርገሙኝ ብዬ ነበር የሄድኩት።

«እኔም ዳር ቆሜ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጠሃ አጭበርብሮ አያውቅም። አራት ተመለስ ስትይ ግራ ገብቶኝ ዞር ስል መኪናውን አየሁት። አያሌውን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ብጮህ ወታደሮቹ ይነቁና ሁለቱንም አጣለሁ... አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝ።

«ሂጂ ንገሪው ልጄ። እሱም ከሄደ አፌን የያዝኩት ለማን ነው?»

ጠሃ አልሄደም። አምባሰል ውስጥ ዘመድ ጋር ተደብቆ እያረሰ ኖረ። በገበያ ቀን ውጫሌ እየሄድኩ በስርቆት አየው ነበር። ስለ ሰርግ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «ሚዜዬ አያሌው ነው።» ከአያሌው ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። ለትዳር የጠየቁኝን ሦስት ሰዎች መለስኩ። ዋንጫው ሣጥኔ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ተስፋ እቆርጣለሁ፤ ጠዋት እንደገና እጠብቃለሁ። አምስት ዓመት ሊሞላ ደረሰ።

በ1983 ግንቦት ደርግ ወደቀ። ከሰሜን የተበተነው ወታደር በወልድያ መንገድ ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። ሁሉም አንድ መልክ ነው፦ ጢም፣ አቧራ፣ ረሃብ። በመልክ እንደማልለየው ሳውቅ የክበቡን ድምፅ ማጉያ አውጥቼ፣ ባትሪ ገዝቼ መንገድ ዳር ቆምኩ።

«ቁጥር ስድስት! ተመለስ!»

ሰው አበደች አለኝ። ጠሃ አጠገቤ ቆሞ ፊት ይፈልጋል። እትዬ አሰገደች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን እግር ይቆጥራሉ። ሦስት ቀን ጮህኩ። በአራተኛው ቀን ድምፄ ሊዘጋ ሲል በዱላ የሚያነክስ አንድ ሰው አለፈኝ። አሥር እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው ኑርሀያት» አለ። «በጣም ዘገየሽ።»

ድምፅ ማጉያው ከእጄ ወደቀ። እትዬ አሰገደች መነሣት አቃታቸው፤ እሱ ነው አጠገባቸው የተቀመጠው። ጠሃ ዱላውን ተቀብሎ ቆሞ አለቀሰ። እኔ ይቅርታ ልለው ሞከርኩ፤ ድምፄ አልወጣ አለ።

በወሩ ሽማግሌ ወደ ቤታችን መጣ። ጠሃ የላካቸው ሁለት ሸኾችና አንድ ጎረምሳ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ወግ ሊጀምሩ ሲሉ ጎረምሳው እያነከሰ ተነሣና ዋንጫውን አባቴ ፊት አስቀመጠ።

«ይኸው ዋንጫው» አለ አያሌው። «አሁን እንነጋገር።»