ሌሊት የተሰማው ሞተር

ጋሽ ፍቃዱ በገዛ ፒካፓቸው የሾፌር ወንበር ላይ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦንጋን ታውቋት የለ፤ ዝናቡ ሳያባራ ወሬው ገበያ ደረሰ። ጠባቧ የቆርቆሮ ጋራዥ ተዘግታ ነበር፤ የመኪናው ቁልፍ ዞሯል፤ ሆስፒታሉም ሰውየው በጭስ ታፍነው ነው የሞቱት ብሏል። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠይቃል? ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ልጃቸውን ማርቲን ከቀበሩ ወዲህ ከሰው መቀላቀል ትተው ነበር። ከተማው «ራሳቸውን አጠፉ» አለና ወደየሥራው ሄደ።

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ግን የሚሄዱበት ጠፋቸው። ቄስ ገብረሚካኤል አንገታቸውን ደፍተው «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረግም። ፖሊስ ሌላ ነገር ካላለ በቀር እጄ የታሰረ ነው» ብለዋቸዋል። እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በእግራቸው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዱ።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሏት ኢንስፔክተር ወንጌላዊትን። «ባሌ ያለ ጸሎት አፈር ሊገባ ነው። እሱ ራሱን አላጠፋም። ልጄ አጠገብ በጸሎት ይረፍልኝ፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

ወንጌላዊት ንግግሯ አጭር ነው፤ ሰው ሲያወራት ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች። ጉዳዩን ጠዋት አይቶ የዘጋው ሳጅን ከፈለኝ ፊቱ ቢጠቁርም ጃኬቱን አንስቶ ተከተላት።

ጋራዧ ከግቢው ጥግ ናት። የፒካፗ ኮፈን እንደተከፈተ ነው፤ ወለሉ ላይ ካርቶን ተዘርግቶ ቡሎኖቹ እንደ ቅደም ተከተላቸው ተደርድረዋል። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው አሮጌው ቱርቦ ተፈትቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። አዲሱ ሞተሩ ጎን በግማሽ ታስሮ፣ አየር የሚስብበት አፉ በቢጫ ጨርቅ ተወትፏል። ወንጌላዊት ጨርቁን መዘዘችው፤ ንጹሕና ደረቅ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አየችው። ጥጉ ላይ የተለበለቡ ሦስት ነጥቦች አሉ።

«ስታገኛቸው እጃቸው እንዴት ነበር?» አለች።

«በግራሶ የጠቆረ» አለ ከፈለኝ። «ሲሠሩ አምሽተዋል።»

የመኪናው በር እጀታ ላይ የጣት ጥቁር አሻራ አለ። መሪው ግን ንጹሕ ነው። ቁልፉን በላስቲክ ይዛ ነቀለችና ወደ ብርሃን አዞረችው። እሱም ንጹሕ ነው። ምንም ሳትል ኪሷ ከተተችው።

ከጋራዧ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የነስሩ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ነስሩ ወላጆቹ ከጅማ መጥተው እዚህ የወለዱት ነጋዴ ነው። ፖሊስ ሲያይ ከባንኮኒው ጀርባ ተነስቶ ቆመ፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጮሁ መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል።

«ከጋሽ ፍቃዱ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለችው።

«ተጣልተናል። ያመጣሁላቸው ጋስኬት፣ የቱርቦው መገጣጠሚያ ላይ የሚገባው፣ ልኩ አልሆነም። ሰደቡኝ፤ ከዚያ ሻይ አጠጡኝ። እሳቸው እንዲህ ናቸው። ነበሩ።»

«ቱርቦውን ለምን ፈቱት?»

«አሮጌው ዘይት ይተፋ ነበር። ዳገት ላይ ጭስ ብቻ ሆነች። እስከ ቢታ ገነት ድረስ ሲመላለሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፤ መኪናዬን ለሰው አልሰጥም ብለው ራሳቸው ፈቱት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጅቷ ከሞተች ወዲህ እጃቸው ሥራ ሲነካ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ጨርሰው ነበር?»

«የት! ዘይት የምታመጣለት ቱቦ ገና አልታሰረችም። ‹ነገ ጠዋት ና፤ ከማስነሳታችን በፊት ቱርቦውን ዘይት እናጠጣዋለን› ብለውኛል። ደረቁን ከተነሳ ወዲያው ይበላላል።»

«ማታ የሰማኸው ነገር አለ? ሱቅህ ውስጥ ነው የምታድረው።»

«ዝናብ። ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ሌላ ምን ይሰማል?»

ሲወጡ ከፈለኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «መጨረሻ ያያቸው እሱ ነው። የተጣላቸውም እሱ ነው።»

«ጠዋት ራሳቸውን አጥፍተዋል አልክ፤ አሁን ነስሩ ገደላቸው ልትል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ሰው ልትከስ ነው?» አለችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አብነት እዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት ይኖራል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ደካ የምትኖረውን፣ ሊያገባት የሚፈልገውን ሜሪን ለጋብቻ ሊጠይቁለት ሽማግሌዎቹ ዛሬ ጠዋት በወንድሙ መኪና ሊነሱ ነበር። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ የምሩን ነው የሚያለቅሰው፣ ይህን ማንም አይክደውም።

«ማታ ምን ሰማህ?»

«የሞተር ድምፅ። መኪናዋ ስትነሳ ሰምቻለሁ። ጋሼ እየሞከራት ነው ብዬ ተኛሁ። ምነው ተነስቼ አይቼው ቢሆን።»

«ማታ ጋራዥ ገብተህ ነበር?»

«አልገባሁም። አሞኝ በጊዜ ተኛሁ።»

ወንጌላዊት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። ድንጋይ ላይ አንድ የብረት የከሰል ማንደጃ ተደፍቷል። ጣቷን ሰደድ አድርጋ እግሩን ነካችው፤ ቀይ ዝገት ጣቷ ላይ ቀረ። ከእትዬ ጽጌ ማድቤት በር ላይ ደግሞ ሌላ ማንደጃ አለ፤ እሱ አመዱን እንደተሸከመ ነው።

«ንጽሕና ትወዳለህ» አለችው።

እትዬ ጽጌ ድንኳኑ ውስጥ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሺሺንዳ የወለደች እኅታቸውን ሊያርሱ ሄደው አድረው፣ በመጀመሪያው መኪና የተመለሱትና ባላቸውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ የጋራዡን በር እንዴት ከፈቱት?»

«ሥሩ ያለውን ጆንያ በእግሬ ገፋሁና ሳብኩት።»

«ሳቡት? በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ውጭ።»

«ጆንያውም ከውጭ ነበር?»

«ከውጭ ነዋ፤ ጎርፍ እንዳይገባ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሳጅን ከፈለኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ከሆስፒታል መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አረፈ። ወንጌላዊት እትዬ ጽጌን፣ አብነትን፣ ነስሩንና ቄሱን ጋራዧ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቦታው ስለጠበበ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት።

«አባቴ፣ እርስዎ አንድ ነገር ነው የሚጠብቁት» አለች ለቄሱ። «እነግርዎታለሁ። ጋሽ ፍቃዱ ራሳቸውን አላጠፉም። ይህች መኪና ሌሊት አልተነሳችም።»

«ቁልፉ ዞሮ ነበር እኮ» አለ ከፈለኝ።

«ዞሮ ነበር። ማን አዞረው? የጋሽ ፍቃዱ እጅ በግራሶ የጠቆረ ነው። የመኪናውን በር ሲከፍቱ አሻራቸው እጀታው ላይ ቀርቷል። ቁልፉ ላይ ግን አንዲት ነጥብ የለችም።» ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው። ቀጥላ ወደ ሞተሩ ዞረች። «ነስሩ፣ የዘይቱ ቱቦ ሳይታሰር ሞተሩ ቢነሳ ምን ይሆናል?»

«ይሄ ወለል በዘይት ይታጠብ ነበር።»

«ካርቶኑ ደረቅ ነው። የቱርቦው አፍም በጨርቅ እንደተወተፈ ነው ያገኘሁት። ጋሽ ፍቃዱ ቀዳዳውን የደፈኑት አዳሩን ቡሎን ወይም አቧራ እንዳይገባበት ብለው ነው። ሊሞት የተነሳ ሰው ለነገ ሥራው እንዲህ አይጨነቅም። ጆንያውም ከውጭ ነው የተደረገው፤ ውስጥ ያለ ሰው ከውጭ አይወትፍም።»

እትዬ ጽጌ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?» አሉ ቄስ ገብረሚካኤል።

«ካርቶኑ ጥግ ሦስት የተለበለቡ ነጥቦች አሉ። የማንደጃ እግር ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ጋሽ ፍቃዱ ራሳቸውን ሲያዞራቸው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ አልተነሱም። ጠዋት ግን ማንደጃው እዚህ አልነበረም። አንድ ሰው ወስዶታል፤ ወስዶም አጥቦታል። ማንደጃ አመዱ ይደፋል እንጂ ማን ያጥበዋል? የታጠበው ዝጎ አንድ ደጃፍ ላይ ተደፍቷል።»

ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«ነስሩ ግድግዳው ሥር ተኝቶ ከዝናብ በቀር ምንም አልሰማም። ልክ ነው፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሊነሳ የማይችል ሞተር ሲነሳ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አብነት ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ሊያቆም ነበር» አለ። «‹እጄ ደነዘዘ፣ ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ› አለኝ። ‹ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ፣ ዛሬ ይለቅ› ያልኩት እኔ ነኝ። እጅህን አሙቅ ብዬ ማንደጃውን አቀጣጥዬ አመጣሁለት። ጎርፉ ሲገባ ዘግቼበት፣ ጆንያውን አድርጌ ሄድኩ። ሊነጋጋ ሲል ስመጣ ወንበሩ ላይ ነው። የተኛ መስሎኝ ቀሰቀስኩት።»

«ቁልፉን ለምን አዞርክ?»

«መኪናዋ ገደለችው እንዲባል። አደጋ ነው እንዲባል። ራሱን አጠፋ ይላሉ ብዬ መቼ አሰብኩ! ከተባለ በኋላ ደግሞ ወንድሙን ለገደለ ማን ልጁን ይሰጣል ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ ጽጌ ነጠላውን ከፊታቸው አነሱ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ከሰሉን እኔም ብኖር አመጣለት ነበር። በዚያ አልፈርድብህም። ቄሱ ፍትሐት የለም ሲሉኝ ግን አጠገቤ ነበርክ፤ ክንዴን ይዘህ ደግፈኸኛል። ወንድምህ ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው ሲባል ሰምተህ ክንዴን እንደያዝክ ዝም አልክ።»



«ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ ቄስ ገብረሚካኤል። «እኔንም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።» ካህናቱን ሊጠሩ በዝናቡ ወጡ።

ከፈለኝ ካቴናውን ሲያወጣ አብነት ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ አስከሬኑን ልሸከም። ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ወንጌላዊት እትዬ ጽጌን አየቻቸው። እሳቸው በግማሽ የታሰረውን ቱርቦ አዩት።

«ይሸከም» አሉ። «ከፊት ይሁን። ክብደቱን ይወቀው።»

ሳጥኑ ከድንኳኑ ሲነሳ የፊቱን እጀታ ነስሩ ይዞት ነበር። አብነትን ሲያይ ለቀቀለትና ወደ ኋላ ሄደ።