የበይሉል መንገድ የመቃብር ድንጋይ

ወላሂ ተረት አይደለም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ1973 ዓ.ም፣ ሰኔ ላይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... አሰብ በዚያ ሰዓት ከሙቀቱ የተነሳ ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስባትም።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝና (መሞቱንም አላውቅም) ባሌ ሳኒ ግትር ነበር። ከወሎ የመጣ ግንበኛ ነው። ለሱቃችን ጓዳ እሠራለሁ ብሎ፣ ከአሰብ ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው የጥንት መቃብር አንድ ካሚዮን ድንጋይ ጭኖ መጣ። መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው። «የተጠበቀ ቅርስ፣ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞበታል።

አፋሩ ጎረቤታችን ጋሽ ሑመድ ድንጋዩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሳኒ፣ እኛ በዚያ ስናልፍ ድንጋይ እንጨምራለን እንጂ አናነሳም። የተቀበረው የተገደለ ሰው ነው። ደሙን የመለሰለት የለም።»

«ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ ጋሼ?» ሳኒ ሳቀ።

«ድንጋዩን ያነሳ ደሙን ተሸከመ። ዛሬውኑ መልስ።»

አልመለሰም። ድንጋዩን በስሚንቶ እያያያዘ ግድግዳውን አቆመው።

በማግስቱ ጓዳው ውስጥ ስገባ በረደኝ...

በአሰብ፣ በሰኔ፣ በረደኝ!

ሳኒ እዚያው አልጋ ላይ ተኝቷል። ደረቱ ላይ የተጫነው ነገር ያለ ይመስል በግድ ነው የሚተነፍሰው።

ከዚያ ማውራት ጀመረ... በአፋርኛ። ባሌ አንዲት የአፋርኛ ቃል አያውቅም።

ሮጬ ጋሽ ሑመድን ጠራሁ። በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

«ምን ይላል?» አልኩ በሹክሹክታ።

«የገዳዮቹን ስም ይጠራል...»

የመጨረሻውን ስም እኔም ሰማሁት።

«ሳኒ።»

«ነገ እመልሰዋለሁ» አለኝ ሲነቃ። ላቡን እየጠረገ። እኔም ሞኝ፣ ነገን አመንኩ።

በነጋታው ሰባት ሰዓት ላይ ከቀን እንቅልፌ ብነቃ አጠገቤ የለም። የውጭው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ጓዳው ግን ግድግዳ አልነበረውም። አንድ ድንጋይ እንኳ!

ከጋሽ ሑመድ ጋር በታክሲ ወደ መቃብሩ በረርን።

ክምሩ ሞልቷል። ሁሉም ድንጋይ በየቦታው ተመልሷል።

«ሳኒ!» ብዬ ክምሩን ላፈርስ ስል ጋሽ ሑመድ እጄን ያዙኝ።

«አትንኪ ልጄ። ሟቹ ደሙን መልሷል። ከነካሽው ወዳንቺም ይመጣል።»

ጠላኋቸው። ግን እጄን መለስኩ።

ያኔ ነው ያየሁት...

በድንጋዮቹ መሃል እርጥብ ስሚንቶ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ፣ ቀዳዳዎቹን በየተራ እየደፈነ ነበር።