የአየር አምባ ዐሥራ ሦስተኛው ነፃ ጉብኝት

አየር አምባ ያን ዕለት ጠዋት ከጣና ሐይቅ በላይ ቆማ ነበር። ከተማዋ ነፋስ ወደወሰዳት ስለምትሄድ፣ ነዋሪዎቿ ሲነቁ መጀመሪያ መስኮት ከፍተው «ዛሬ ደግሞ የት ነን?» ይላሉ። ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶችን የሚቀበላቸው ፋና ነው። ፋና ከፊት ከፊት እየተንሳፈፈ ጎብኚ የሚመራ፣ የሚናገር የብርሃን ኳስ ነው። በነፃ የሚጎበኙትን ዐሥራ ሁለት ነገሮች ያሳያል፤ ደመና ላይ በእግር መሄድን፣ ዝናብን ገና ሳይወርድ በእጅ መዳሰስን፣ ሌላም ሌላም።

ትርሲት ፋናን ሰባት ዓመት የጠገነች ባለሙያ ናት። ያን ቀን ግን ፈርታለች። ፋና እንግዶቹን ዝርዝሩ ውስጥ ወደሌለ ቦታ መውሰድ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚመዘገበው የቦታው ባለቤቶች የፈቀዱት ብቻ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ካልተስተካከለ ትዝታው በሙሉ ይደመሰሳል። ሳቋን ከሩቅ የሚለይ ፍጡር ነበር፤ እንዴት አታዝን!

ተከተለችው። ፋና ሃያ የሚሆኑ እንግዶችን እየመራ ከከተማዋ ክንፎች ሥር ወዳለው ድልድይ ወረደ። እዚያ አምስት የክንፍ ጠጋኞች አንድ ትሪ ከበው ምሳ ይበላሉ።

«ቁጥር ዐሥራ ሦስት» አለ ፋና ኮራ ብሎ። «ምሳ ከክንፍ ጠጋኞች ጋር፤ በነፃ።»

እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ተጠጉ። አንዱ ረጅም ሰው እንዲያውም እጁን መታጠብ ጀምሯል።

«ልጄ፣ ይሄን ነገርሽን ምን ነካው?» አሉ የሠራተኞቹ አለቃ ጋሽ ምትኩ። «ትናንትም ይዟቸው መጣ። ሽሮው አልቆብን በባዶ ሆዳችን ዋልን!»

«ማን ጠራቸው ጋሽ ምትኩ?»

«እኛማ ሰው ሲያልፍ ‹እንብላ› እንላለን። ‹እንብላ› ስላሉት ዘው ብሎ የሚቀመጥ አለ እንዴ?»

ትርሲት ሳቋ አመለጣት። ስህተቱ ተገኘ፤ የቀረው ቁጥር ዐሥራ ሦስትን መሰረዝ ብቻ ነው።

«ፋናዬ፣ እሱ እኮ ለወግ ነው» አለችው። «የተጠራው ሰው ‹ብሉ፣ ጠግቤያለሁ› ብሎ ያልፋል።»

የፋና ብርሃን ደብዘዝ አለ።

«እኔንም ሰባት ዓመት ሙሉ ጠርተውኛል» አለ። «በየቀኑ ሳልፍ ‹ፋና፣ እንብላ› ይሉኛል። ሌላ መሣሪያ አይጠሩም። ‹ጠግቤያለሁ› እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። መብላት አልችልም። ስለዚህ የሚችሉትን አመጣሁላቸው።»

ጋሽ ምትኩ እጃቸው ትሪው ላይ እንዳለ ቀረ። አፍረዋል፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም።

«እስከ ዛሬ ስንቱን ጠራን» አሉ ቀስ ብለው። «የምር የሰማን እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ለእንግዶቹ ቦታ ለቀቁ። «አትሰርዢው ልጄ። ባለቤቶቹ ፈቅደዋል ብለሽ ጻፊ። ከነገ ጀምሮ ትልቁን ድስት እናመጣለን።»

ትርሲት ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የጥገና ሪፖርቷን ላከች፦ «ስህተቱ ታርሟል። ፋና አልተነካም።»