ሦስቱ ትርፍ ኮንቴይነሮች

የወደቡ የዕቅድ ኃላፊ ክሬን ባወረደው ኮንቴይነር ተመትቶ የሞተው፣ ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓቱን በእጁ እንደጨበጠ፣ ጀርባውን ለክሬኑ ሰጥቶ ነው። ፖሊስ የክሬኑን ሾፌር ሊወስድ መኪና ሲያስነሳ መርማሪዋ ደረሱ። «እትዬ ለምን» ይሏቸዋል፤ ደህና አደሩ ቢባሉም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አያልፉም።

«አላየሃቸውም?» አሉት ሾፌሩን።

«ከላይ ሆኖ ሥሩ አይታይም፣ እትዬ። ሰው የሚያስነሳልን ደወሉ ነው።»

«ታዲያ ደወሉስ?»

አንገቱን ደፋ። «አልጮኸም።»

«ሽቦ» የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈጠን ብሎ፣ «ተበላሽቶ ነው! እንደ እኔ ያረጀ ዕቃ!» አለ።

እትዬ ጉልበታቸውን እየረገሙ ክሬኑ ላይ ወጡ። የደወሉ ሽቦ ተነቅሏል፤ ጫፉ በፕላስተር ጥሩ ተደርጎ ተጠቅልሏል።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩን፣ ሽቦንና የሟቹን ምክትል ጨምሮ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ አስቀመጡ።

«ጎረቤት ወደብ ዋጋ ቀንሶ መርከቦቻችሁን ወሰደ። ሟቹ ‹እኛ ዋጋ አንነካም፤ በፍጥነት እንበልጣለን› አሉ። ትናንት ይህ ክሬን በሰዓት ሃያ ሰባት ኮንቴይነር አወረደ፤ ዛሬ ሠላሳ። ያው ክሬን፣ ያው ሾፌር። ሦስቱ ከየት መጡ?»

እትዬ ጣታቸውን ወደ ክሬኑ ቀሰሩ።

«ደወሉ ከእያንዳንዱ በፊት አሥራ ሁለት ሰከንድ ይጮሃል። ዝም ሲል የሚተርፈው ጊዜ ሌላ ሦስት ያወርዳል። የተበላሸ ሽቦ ደግሞ ራሱን በፕላስተር አይጠቀልልም።» ወደ ምክትል ኃላፊው ዞሩ። «አንተ ወደ ጎረቤት ወደብ ሊሄድ ለነበረው የመርከብ ድርጅት ‹በሰዓት ሠላሳ እናወርዳለን› ብለህ የጻፍከው ዛሬ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር ነው። በምን አወቅህ?»

«ተስፋ አድርጌ ነው።»

«ተስፋ እንዲህ ልክ አይገጥምም።»

ሽቦ ወደ ምክትሉ እያመለከተ ከወንበሩ ተነሳ። «‹ለዛሬ ብቻ› ብሎኝ ነው፣ እትዬ! እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«ድርጅቱ ዛሬ ጥሎን ቢሄድ ወደቡ ይዘጋ ነበር!» አለ ምክትሉ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እሳቸው እዚያ ይቆማሉ ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሠላሳህ እውነት መስሏቸው ሊቆጥሩልህ ነዋ የቆሙት! ደወሉን አምነው ነው ጀርባቸውን የሰጡት» አሉ እትዬ።

ፖሊሱ ለሾፌሩ በሩን ከፈተለት። «ተነስ እንጂ ጌታው፣ ነፃ ነህ።»

ሾፌሩ አልተንቀሳቀሰም። «ከመጀመሪያው ኮንቴይነር ጀምሮ ደወሉ እንዳልጮኸ አውቄ ነበር። በሰዓቱ ውስጥ ከትናንቱ ያለፈውን ሃያ ስምንተኛውን ሳወርድ በደስታ አፏጨሁ።»

ከዚያ ተነሳና፣ በተከፈተው በር ሳይሆን ወደ ምክትሉ ሄዶ፣ አጠገቡ ተቀመጠ።