ሻምበልን ገልጦ ያየው የለም

በዚያ ዓመት ቡራዩ ውስጥ ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ይከበር ነበር። «የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊበላ ነው» ተብሎ ከተማው የተናጠበት፣ ዛሬ የተከፈተ ሱቅ ነገ የሚዘጋበት፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ የማይጠፋበት ዓመት ነው። ሰው በሩን ቆልፎ ማደሩ አልበቃው አለ። ድምፁ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ውሻ ፈለገ። እንዲህ ያለ ውሻ ደግሞ አጎቴ ኦቦ ነገሳ ነበራቸው፤ ስሙ ሻምበል።

ሻምበል የጀርመን ዘር ነው ይባላል። ጀርመንን አላየሁም፣ ሻምበልን ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ግቢውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከሰበታም ከሱሉልታም ሴት ውሾች በባጃጅ እየተጫኑ ይመጡለት ነበር። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ቡችሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ አጎቴ ይጠራሉ፣ ከማንም ቀድመው አንዱን መርጠው ይወስዳሉ። ሊመርጡ ሲሄዱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቅርጫት አንጠልጥለው ነው። ሽማግሌ ሆነው የተላኩ ይመስላሉ።

ከሻምበል ሥር ግን ደም ይንጠባጠብ ነበር። የተኛበት ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ ያለ፣ የሚከረፋ ደም። ዝንብ ይወረዋል። ሻምበል ይልሰዋል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይልሰዋል። ምግብ ላይ ያላችሁ ቀጥሎ ያለውን ቆይታችሁ አንብቡ፦ አጎቴ፣ ባለ ሴት ውሻ በሩን ሲያንኳኳ፣ ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ነክረው ውሻውን ከሥሩ ይወለውሉታል። ደሙ ለጊዜው ይጠፋል። ጨርቁም አጥሩ ላይ ይሰቀላል፤ ለሚቀጥለው እንግዳ።

«አጎቴ፣ ሻምበል ታሟል» አልኳቸው አንድ ቀን። «ሌላ ሴት ላይ ከመውጣቱ በፊት ይመርመር።»

«ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«ደሙ የሚወጣበት ነዋ!»

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «ቃኒ፣ እፍረት የለሽም? ሴት ልጅ ሆነሽ ይህን ስትናገሪ አታፍሪም? አጥር ሲዘል እሾህ ወግቶት ነው።»

«እሾህ ከመስቀል ጀምሮ እስካሁን ያደማል?»

«ሁለት መጽሐፍ አገላበጥኩ ብለሽ ሐኪም ሆንሽ? ስሚ ጂቱ፣ ሻምበልን ገልጠው ካዩት እኔን ገልጠው እንዳዩኝ ነው። ደግሞስ መንገድ ተዘግቶ ክሊኒክ በምን ልሂድ?»

መንገዱ የዚያን ቀን ክፍት ነበር። ሚኒባሶቹ «አሸዋ ሜዳ! አሸዋ ሜዳ!» ሲሉ ግቢያችን ድረስ ይሰማል። የእንስሳት ጤና ክሊኒኩም ከታክሲ መውረጃው አጠገብ ነው። አጎቴ ሰምተዋል። እኔም መስማታቸውን አይቻለሁ።

ከአጥራችን በታች አጎቴ የሚያከራዩት አንድ ክፍል ቤት አለ። የተከራየችው ፀዲ ናት፤ ከወላይታ መጥታ ፕላስቲክ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት። ባሏ ቲቶ ሰበታ ግንባታ ላይ ስለሚውል መንገድ በተዘጋ ቁጥር እዚያው ይቀራል። ፀዲ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ትንሽ እህቷን ሜሪን የሚጠብቃት ማነው? ሎሚ። ሎሚ ፀዲ ከቦይ አንስታ ያሳደገቻት ቢጫ ውሻ ናት። ያለ ሎሚ ፀዲ ሥራ መሄድ አትችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሎሚ ወንድ የፈለገች ሰሞን አጎቴ ፀዲን አስጠርተው «ለሻምበል አምጫት፤ ጎበዝ ጠባቂ ትወልዳለች» አሏት። ሮጬ ሄድኩ።

«ፀዲ፣ እንዳትወስጃት! አጥሩ ላይ ያለውን ጨርቅ አላየሽም?»

«አይቻለሁ፣ ጂቱዬ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ‹ውሻዎ ይታይልኝ› ልበል? በዚህ ጊዜ? እኔ እንግዳ ነኝ፣ ቤቱ የሳቸው ነው። ‹ውጪልኝ› ቢሉኝ ሜሪን ይዤ የት እገባለሁ? ጌታ ይጠብቃታል።»

«ጌታማ ዓይን ሰጥቶሻል፤ ሌላ ምን ያድርግልሽ?»

ሳቀች። ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። ሎሚን በገመድ ይዛ ወጣች። እኔ የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ ቤት ተቀመጥኩ።

ሎሚ አረገዘች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ከጅራቷ ሥር አንድ ነገር አብሮ አደገ፤ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ቀይ፣ ሲነኩት የሚደማ ሥጋ። ምጧ የጀመረው ጠዋት ነው። አማጠች፣ አማጠች፣ ምንም አልወጣም። ያ ሥጋ መውጫውን ዘግቶታል። ፀዲ በጆንያ ጠቅልላ ተሸከመቻት፣ እኔም ተከተልኳት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ባጃጅ የሚባል የለም። ክሊኒኩም ተዘግቷል።

«እህት፣ ተመለሺ። ዛሬ አያልፍም» አላት አንዱ ወጣት። ከጆንያው የሚንጠባጠበውን ሲያይ ዞር ብሎ አፍንጫውን ያዘ።

ያን ጊዜ መንገዱ በእርግጥ ተዘግቶ ነበር።

ቤት ስንመለስ ያ ሥጋ እየተቀደደ ቡችሎቹ አንድ በአንድ መጡ፤ ሆዷ ውስጥ ቀድመው የሞቱ፣ የበሰበሱ። የመጨረሻው ሳይወጣ ሎሚም ሞተች። ሜሪ ደጃፉ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ፀዲን «ነይ እንቅበራት» ብላት እምቢ አለች።

«መራጩ ሳይመጣ አይቀበርም» አለችኝ።

በማግስቱ መራጩ መጡ። ሎሚ ወለደች ሲባል ሰምተው፣ ዓይን መግለጡን እንኳ ሳይጠብቁ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቅርጫታቸውን ይዘው። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ፀዲ! ወንድ ወንዱን አሳዪኝ፤ ሴት አልወስድም» አሉ እየሳቁ።

ፀዲ ጆንያውን ፈታ ዘረጋችው። «ይምረጡ፣ ኦቦ ነገሳ። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።»

ሽታው መታቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ቡችሎቹን አዩ፣ ሎሚን አዩ፣ ከጅራቷ ሥር ያለውን አዩ። ቅርጫቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ይሄ...» አሉ። «ይሄማ የሻምበል ነው።»

ሌላ ማን ሊያውቀው ይችላል? ከዚያ ጨርቅ ሥር ያለውን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አይተው ሲያበቁ ዘይት ቀብተውታል።

መንገዱ ሲከፈት ሻምበልን ራሳቸው እየጎተቱ ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ ገብረየስ ጓንቱን አጠለቀ፣ ገለጠ፣ አየ፤ ለሻይ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም።

«ዕጢ ነው። ሲገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል» አለ። «ቀድማችሁ ብታመጡት ይሻል ነበር፤ አሁንም በመርፌ ይድናል። በዓይን የማይታይ ሌላ በሽታ ደግሞ አለ፤ ጽንስ የሚያስወርድ፣ ለሰውም የሚተርፍ። እሱ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ወንዱም ሴቷም ሳይመረመሩ ማገናኘት ወንጀል ነው ብዬ ነው የማምነው።»

«እስካሁን የመጡለትስ?» አሉ አጎቴ ቀስ ብለው።

ገብረየስ ጓንቱን አወለቀ። እጁን መታጠብ ጀመረ።

ሻምበል መርፌውን እየተወጋ ታስሮ ከረመ። አጎቴ ደግሞ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ሰበታና ሱሉልታ እየተመላለሱ፣ ቡችላ በመረጡበት ደጅ ሁሉ ቆመው «ውሻችሁን አስመርምሩ፤ የኔው በሽተኛ ነበር» ሲሉ ሰነበቱ። የሰደባቸው አለ፣ በር የዘጋባቸው አለ። ፀዲ ሌሊት የሚጠብቃት ስለሌለ ሜሪን ሶዶ ወላጆቿ ዘንድ ላከቻት። አጎቴ በፊት ከመረጧቸው ቡችሎች አንዱን ቢያመጡላት «ተመርምሯል?» ብላ ጠየቀች። አልተመረመረም ነበር። በሩን መለሰችባቸው። ደግ አደረገች።

በቅርቡ ዳዲ የሚባል ሰው ከሱሉልታ ሴት ውሻ በፒክአፕ ጭኖ መጣ።

«ቅድሚያ አስመርምራት» አሉት አጎቴ። «የኔም ዳነ እስኪባል አይወጣም።»

ዳዲ ተቆጣ። «የኔን ውሻ? የኔን ቤት ልታዋርድ ነው? ንጹሕ ናት! ደግሞ በዚህ ግርግር ክሊኒክ የት አለና!»

አጎቴ ዞር አሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደው ያንን ጥቁር ጨርቅ አወረዱ። ልጣለው ባልኩ ቁጥር ከልክለውኝ ነው የቆየው። ወደ ዳዲ አፍንጫ አስጠጉት።

«አሽትተው» አሉት። «እኔ እያሸተትኩት ነው ‹ንጹሕ ነው› እል የነበረው።»

ዳዲ ፊቱን አዙሮ ምራቁን ተፋ። ከዚያ ግን ክሊኒኩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት።

እናንተም ውሻ የምታገናኙ ሁሉ፣ ጨርቃችሁ የት እንደተሰቀለ ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ አውርዱት፤ ውሻችሁንም ገልጣችሁ አሳዩ። የሚያሳፍረው መመርመሩ አይደለም፤ ዘይት መቀባቱ ነው።