አራተኛው መብራት

ልጆች፣ እኔ አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ በርበሬ አስጥቻለሁ።

ሰው እንዴት ፀሐይ ላይ በርበሬ ያሰጣል? ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ አስካለ ነው። የምኖረው አዳማ ከተማ፣ አንድ ቢጫ ሕንፃ ውስጥ ነው። የእኔ በር ከሁሉም በላይ ነው፤ አራተኛው ፎቅ ላይ።

ከእኔ በር ፊት ለፊት ሌላ በር አለ። እዚያ ወለላ የምትባል ልጅ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖራለች።

የወለላ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል ያመልጣል።

የሕንፃችን ደረጃ ድሮ ጨለማ ነበር። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ግድግዳውን እየዳበሰ ይወጣል። ዳበስ፣ ዳበስ፣ ዳበስ።

«ማነው?» ይላል የሚወርደው።

«እኔ ነኝ፣ እንዳትረግጠኝ» ይላል የሚወጣው።

አንድ ቀን ከከተማው አስተዳደር የተላኩ ሠራተኞች መጡ። «ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በነጻ እያበራችላችሁ፣ ማታ ማታ ትደናበራላችሁ?» አሉን።

መሰላል ይዘው ጣሪያው ላይ ወጡ። ኳ! ኳ! ኳ!

ሰፋፊ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ ሰሌዳዎች ገጠሙ። «ይህ ሶላር ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፤ ማታ ብርሃን ይሰጣል» አሉን።

በየፎቁም አንድ አንድ መብራት ሰቀሉ። መብራቶቹ ቆጣቢ ናቸው። ሰው ሲመጣ ብልጭ! ይላሉ። ሰው ሲያልፍ ወይም ሳይነቃነቅ ሲቆም ይተኛሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ወለላ ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። ብልጭ! ብልጭ! ብልጭ! ብልጭ!

«አንቺ ልጅ፣ መብራቱ እንኳን ደከመው» አሏት አያቷ፣ አባባ ደምሰው።

በሳምንቱ የወለላ እናት ሻንጣዋን አዘጋጀች። እናቷ እሌኒ ነርስ ናት። ለሥራ ጅግጅጋ ልትሄድ ነው።

ገና ሳይነጋ ወለላ ከአልጋዋ ወርዳ ደረጃው አጠገብ ቆመች።

«እማ፣ መቼ ትመጫለሽ?»

«ሥራዬ ሲያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

እሌኒ ሻንጣዋን አስቀምጣ ቁጢጥ አለች። «አሁን ስወርድ መብራቶቹን ቁጠሪልኝ። ስመለስ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ትቆጥሪያለሽ። አራተኛው ሲበራ፣ እኔ ነኝ።»

እሌኒ ወረደች። ወለላ ቆጠረች።

ብልጭ! አራት።

ብልጭ! ሦስት።

ብልጭ! ሁለት።

ብልጭ! አንድ።

ከዚያ ጨለማ ሆነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለላ ሲመሽ የደረጃውን ብረት ይዛ ወደ ታች ትመለከታለች። አንገቷ ላይ የእናቷን ሰማያዊ ሻሽ ታስራለች። ሻሹ እማን እማን ይሸታል።

ብልጭ! አንድ። ብልጭ! ሁለት። በር ተከፈተ፤ በር ተዘጋ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት መምህር ናቸው።

«እማ አይደለችም» አለች ወለላ።

ብልጭ! አንድ። ብልጭ! ሁለት። ብልጭ! ሦስት። ሕፃን አለቀሰ፤ በር ተዘጋ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ናት።

«እማ አይደለችም» አለች ወለላ።

አንድ ማታ ደግሞ፦ ብልጭ! አንድ። ብልጭ! ሁለት። ብልጭ! ሦስት። ብልጭ! አራት።

ወለላ ዘላ ተነሳች። እኔ ነበርኩ። ሽንኩርት ገዝቼ መምጣቴ ነው።

«እንደምን አመሹ፣ እትዬ አስካለ» አለችኝ። ዓይኗ ግን እኔን አልፎ ደረጃውን ያይ ነበር።

የያዝኩት ሽንኩርት ከበደኝ።

ወለላ ገብታ ተኛች። ሻሹን ከጉንጯ ሥር አድርጋ፣ «እማ፣ ነገ ነይ» አለች። በማግስቱም እንደዚያው አለች።

ክረምት ሊገባ ሲል እኔ በርበሬ አዘጋጀሁ። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ወቀጥኩት። ዱቅ! ዱቅ! ዱቅ!

እንዲህ የተወቀጠ በርበሬ እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ካልደረቀ ይሻግታል።

ይዤው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሲሚንቶው በዝናብ ርሷል። ሶላሩ ግን ደርቋል። ዳሰስ አደረግኩት፤ ይሞቃል። ደግሞ ወደ ፀሐይ ዘንበል ብሏል።

«ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ማንም አላየኝም።

ሶላሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ። ጫፍ ጫፉን አሰርኩ። በርበሬዬን ከዳር እስከ ዳር አሰጣሁት።

አያችሁ? ፀሐይ ላይ በርበሬ አሰጣሁ ያልኳችሁ ይህን ነው።

የዚያን ዕለት ማታ የአባባ ደምሰው ስልክ ጮኸ። እሌኒ ናት።

«ወለላዬ፣ ነገ ማታ እመጣለሁ። መብራቱን ጠብቂ።»

ወለላ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ለመብራቱ ልትነግረው እየሮጠች ወደ ደረጃው ወጣች።

መብራቱ ብልጭ አላለም። እጇን አወዛወዘች። ዘለለች። ብልጭ አላለም።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

«እትዬ አስካለ፣ መብራቱ ለምን እንደጠፋ ያውቃሉ?»

አውቅ ነበር። ግን በርበሬዬ ገና አልደረቀም ነበር።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አልኳት። ቀይ እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«እማ እኮ ዛሬ ትመጣለች።»

«መብራት ባይኖርም ትመጣለች።»

«እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?»

እኔ ግን በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ወለላ አያቷን እጃቸውን ይዛ ጎተተች። «አባባ፣ ሶላሩ ታሞ ይሆናል። ሄደን እንየው።»

«ጉልበቴም ታሟል። እሱንስ ማን ያየዋል?» አሉ አባባ ደምሰው። ግን ተነሱ።

ከእኔ ጣሪያ በላይ እግራቸውን ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ቆሙ።

«አባባ፣ ሶላሩ ቀይ ብርድ ልብስ ለብሷል። እንጥሽ!»

«ይማርሽ። በርበሬ ነው። እንጥሽ!»

«ይማርዎት፣ አባባ። ልድፋው?»

«አይደፋም። የሰው ልፋት ነው። ያንን ጫፍ ያዢልኝ፣ ቀስ ብለን እናውርደው።»

አወረዱት። ግን የበርበሬው እርጥበት በጨርቁ አልፎ ነበር። ሶላሩ ቀይ በቀይ ሆኗል።

መጥረጊያ የለም። ወለላ አንገቷ ላይ ያለውን ሻሽ ፈታች።

አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሳበችው። አሁንም እማን እማን ይሸታል።

ከዚያ ሶላሩን ጠረገችበት። ጠረግ፣ ጠረግ፣ ጠረግ።

ሰማያዊው ሻሽ ቀላ። በርበሬ በርበሬ ሸተተ።

ሶላሩ ጠራ። ፀሐይ ግን ከተራራው ጫፍ ደርሳለች።

«ፀሐይ፣ ትንሽ ቆዪ። እማ እስክትመጣ ብቻ» አለች ወለላ።

ፀሐይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሄደች።

ሲመሽ ወለላ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። አባባ ደምሰው አጠገቧ ተቀመጡ። እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ በቀዳዳው አያለሁ።

ከታች የሻንጣ ድምፅ ተሰማ። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

ብልጭ! አንድ።

ብልጭ! ሁለት። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሻማ የሚያክል።

ዱብ! ዱብ! ሦስተኛው ብል… አለና ጠፋ።

ሻንጣው ቆመ።

ወለላ ጠበቀች። አራተኛው አልበራም።

«እማ አይደለችም» አለች። ብረቱን ለቀቀች፤ ፊቷን ወደ በራቸው አዞረች።

ልጆች፣ ያኔ በሬን ከፈትኩት።

የእጅ ባትሪዬን አንስቼ ወጣሁ። ከአራተኛው መብራት ሥር ቆምኩ። እጄን ሽቅብ ዘርግቼ አበራሁት።

«አራት» አልኩ።

ወለላ ዞር አለች።

ከታች፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። «ወለላዬ፣ አራተኛው በርቷል?»

ወለላ ለመመለስ ትንፋሽ አጠራት። «በርቷል፣ እማ።»

ዱብ! ዱብ! ዱብ! እሌኒ ወጣች። ወለላ ሮጣ ቀሚሷ ውስጥ ገባች። ለረጅም ጊዜ እግሯ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ለምን ቆምሽ፣ እማ?»

«ሲጨልምብኝ ግድግዳውን እየፈለግኩ ነበር።»

እሌኒ ልጇን አንገቷ ሥር ሳመቻት። «እንጥሽ! ሻሼ ምን ሆነ?»

«ፀሐይን ጠረግኩበት» አለች ወለላ።

እሌኒ ሳቀች። ወለላ ሳቀች። አባባ ደምሰው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ባትሪዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ወለላ ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ አስካለ፣ እጅዎ ለምን ቀላ?»

«እንሶስላ ሞቄ ነው» አልኳት።

ይህ ሌላ ውሸት ነበር። ሴቶች እጃቸውን የሚያስውቡበት እንሶስላ እንዲህ አይቀላም፤ በርበሬ በርበሬም አይሸትም። አባባ ደምሰው አዩኝ።

«ለእኔም ያድርጉልኝ። እማ ትየው» አለች ወለላ።

በማግስቱ እውነተኛ እንሶስላ ወቅጬ ትንንሽ እጆቿ ላይ አሰርኩላት። «እትዬ አስካለ ደግ ናቸው» ብላ ለእናቷ ስትነግራት ሰማሁ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በርበሬዬን ላወርድ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በደረቅ ቦታ ተዘርግቷል። ንፋስ እንዳይወስደው አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተደርጎበታል።

አንደኛው ድንጋይ በጣም ትንሽ ነው። የሕፃን እጅ ያስቀመጠው መሆኑ ያስታውቃል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሶላሩን የምጠርገው እኔ ነኝ። በንጹሕ ጨርቅ፣ ጠረግ፣ ጠረግ፣ ጠረግ። በርበሬዬን ደግሞ ሰገነቴ ላይ፣ በሰፌድ አሰጣለሁ።

ማታ እሌኒ ከሥራ ስትመለስ በሬን ከፍቼ እሰማለሁ። ብልጭ! አንድ። ብልጭ! ሁለት። ብልጭ! ሦስት። ብልጭ! አራት።

«እማ ናት» ትላለች ወለላ።

ወለላ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩት አንቺ ስትተኚ እናትሽ እንድታነብልሽ ነው። ብርድ ልብስሽን ተከናንበሻል? እናትሽ አጠገብሽ ናት? እንግዲያው ስሚኝ።

እጄ ላይ የነበረው እንሶስላ አይደለም፤ በርበሬ ነው። ብርሃንሽን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። በሬን ስታንኳኪም እያወቅኩ አላውቅም አልኩሽ።

ሻሹን አጥቤዋለሁ። በራችሁ እጀታ ላይ ታስሯል። የእማን ሽታ ግን መመለስ አልቻልኩም፤ እሱን እሷው ትመልስልሽ።

ይቅር በይኝ፣ ወለላ።

እናንተም ልጆች፣ ይቅር በሉኝ።